ለምስጋና የሚታደል የገና ድፎ ዳቦ እንዴት ይዘጋጃል?

በጅማ የገና በዓል የሚደርሰው የቡና ለቀማው ወደ ማለቂያው በተቃረበበት፣ የክረምቱ ጭቃ ደርቆ በየግቢው ቡና በተሰጣበት ወቅት ነው። ኅዳር 15 ቀን የገባው ጾመ ነቢያት ታኅሣሥ 29 ቀን ይፈታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የዶሮ ወጥና የክትፎ ወግ በሁሉም ቤት የታወቀ ስለሆነ እዚህ ላይ አላነሳውም። የማነሳው ድፎ ዳቦውን ነው። በከተማችን በአንድ አጥር የሚዋሰኑ የክርስቲያንና የሙስሊም ቤተሰቦች ሥጋ ባይቀማመሱም ዳቦ ይቆራረሳሉ፤ ስለዚህ በበዓል ሰሞን ያለ ምንም ሰቀቀን በሁሉም ደጅ የሚገባ፣ ጿሚውም ሕፃኑም የሚበላው ምግብ ይኸው ነው። ዓመቱን በሙሉ ውለታ የዋለልንን ሰው ለማመስገን ከዚህ የተሻለ ነገር በቤቴ አላውቅም። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ታኅሣሥ 28 ቀን ጠዋት ተቦክቶ ከሰዓት በኋላ ለሚታደል ዳቦ የሚሆን ነው።

አንደኛ፦ ከዱቄት በፊት ሰው ይቁጠሩ

ብዙዎቻችን ዳቦውን ጋግረን፣ ቤተሰቡ ከበላ በኋላ የተረፈውን ለጎረቤት እንልካለን። እኔ ይህን ልማድ ከተውኩት ቆይቻለሁ፤ የሚመሰገን ሰው ድርሻ ከትርፍ ላይ ሳይሆን ከልኬቱ ላይ መነሣት አለበት ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ከበዓሉ ሁለት ሦስት ቀን አስቀድመው ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙና ከመስከረም ወዲህ ብቻ ሳይሆን ካለፈው ገና ጀምሮ የሆነውን እያሰቡ ስም ይጻፉ። ትልልቁ ውለታ ቶሎ ይታወሳል፤ ትንንሹን ግን ቁጭ ብለው ካላሰቡት አያገኙትም። በዘንድሮው ወረቀቴ ላይ ከሰፈሩት መካከል እኔ በሌለሁበት ድንገት ዝናብ ሲጥል የሰጣሁትን በርበሬ ያነሣችልኝ ጎረቤቴ፣ በነሐሴ ሌሊት ባለቤቴን ወደ ሆስፒታል ያደረሰልን የባጃጅ ሹፌር፣ ቡናችንን አብረውን የለቀሙ ሁለት ወጣቶች፣ ልጄን ከትምህርት ቤት ስትመለስ አስፋልት የሚያሻግሯት የመስጊዱ ጥበቃ ይገኙበታል። እኚህን አባት ስማቸውን እስከጻፍኩባት ቀን ድረስ አንድ ጊዜም እንኳ ቆሜ አመስግኛቸው አላውቅም ነበር።

ስሙ ከተጻፈ በኋላ ሂሳቡ ቀላል ነው። አንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት ከውሃው ጋር ተቦክቶ ሲጋገር ወደ አንድ ኪሎ ተኩል የሚጠጋ ዳቦ ይወጣዋል፤ አንዱን ቁራሽ 150 ግራም ገደማ ብናደርገው ከአንድ ኪሎ ዱቄት ዘጠኝ ወይም ዐሥር ቁራሽ ይገኛል። 2 ኪሎ ዱቄት እንግዲህ ለአምስት የቤተሰብ አባላትና ለዐሥራ ሁለት፣ ለዐሥራ ሦስት ተመስጋኝ ይበቃል። ለአንድ ቤት ከአንድ ቁራሽ በላይ መላክ ካሰቡ ልኬቱን ከወዲሁ ከፍ ያድርጉ።

ሁለተኛ፦ የሚያስፈልገውን ያሰናዱ

ለ2 ኪሎ ዱቄት 1 ሊትር ከ300 ሚሊ ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የቡና ስኒ ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ ግማሽ የሾርባ ማንኪያ ነጭ አዝሙድና 2 የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ኮረሪማ ያስፈልጋል። ማንኪያው ሁሉ የተቆለለ ሳይሆን ልክ የሞላ ይሁን።

ከእነዚህ ውስጥ ቆም ብዬ ልናገርለት የምፈልገው ኮረሪማውን ነው። ኮረሪማ በጅማና በከፋ ጫካዎች ውስጥ እንደ ቡናው ሁሉ በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅል የአካባቢያችን ሀብት ሆኖ ሳለ ተፈጭቶ በላስቲክ የታሸገ መግዛት ለእኔ አይዋጥልኝም። የተፈጨ ኮረሪማ መዓዛው ቶሎ ይበናል። ቅርፊቱ ያልተሰነጠቀ፣ ሲያንቀሳቅሱት ፍሬው በውስጡ የሚሰማ ደረቅ ኮረሪማ ከገበያ መርጠው ይግዙ። ቅርፊቱን በጥፍር ፈልቅቀው ፍሬውን ያውጡ፣ በምጣድ ላይ ሽታው እስኪነሣ ድረስ ብቻ ሞቅ ሞቅ ያድርጉትና በሙቀጫ ይውቀጡ። እንደ ዱቄት መድቀቅ የለበትም፤ ገርደፍ ብሎ ሲቀር ዳቦው ሲበላ እዚህም እዚያም ጥርስ ላይ ያርፍና መዓዛው ያን ጊዜ ይፈነዳል።

ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል አይጨመርበት። ከዓመታት በፊት ዳቦው እንዲለሰልስልኝ ብዬ ሊጡን በቅቤ አሸሁትና በዋዜማው ጋገርኩ። ዳቦው እንደተመኘሁት ለስላሳ ሆኖ ወጣ፤ ነገር ግን በግቢያችን የሚኖሩት ጿሚ እናት ሳህኑን ከእጄ ተቀብለው ካሸተቱት በኋላ «ልጄ፣ ነገ እበላዋለሁ» ብለው በትሕትና አስቀመጡት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ለድፎ ዳቦ ዘይት ብቻ ነው የምጠቀመው። ለሙስሊም ጎረቤት የሚሄድም ስለሆነ ጠላም ሆነ ሌላ የሚያሰክር መጠጥ ወደ ሊጡ እንዳይገባ፣ መጋገሪያው ድስትና መቁረጫው ቢላዋም ሥጋ ያልነካው እንዲሆን ያስፈልጋል። ይህን ማንም መጥቶ አይመረምርም፤ ሆኖም ሳህኑን የሚያቀብሉት እርስዎ ስለሆኑ እርስዎ ሊያውቁት ይገባል።

ሦስተኛ፦ ሊጡን ያቡኩ

እርሾውን ከስኳሩና ከአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ጋር ቀላቅለው ዐሥር ደቂቃ ያህል ያቆዩት። አረፋ ካልያዘ እርሾው ሞቷልና ዱቄቱን ከማበላሸት ሌላ እርሾ መግዛት ይሻላል። ዱቄቱን በወንፊት ነፍተው ጨውና ቅመሙን ይጨምሩ፤ እርሾውን አፍስሰው የቀረውን ውሃ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ያቡኩ። የዱቄት ጠባይ ስለሚለያይ ውሃውን በሙሉ በአንድ ጊዜ አይጨምሩት። የድፎ ሊጥ ከአምባሻ ሊጥ ላላ ያለ፣ እጅ ላይ በመጠኑ የሚጣበቅ ነው፤ ጠንክሮ ከተቦካ ዳቦው ደረቅ ይሆናል። ዘይቱን በመጨረሻ ጨምረው ለሃያ ደቂቃ ያህል እየጎተቱና እያጠፉ ይሹት። ከሊጡ ላይ ቆንጥረው ቀስ ብለው ሲስቡት ሳይበጠስ ስስ ሆኖ ከተለጠጠ በቅቷል።

የታኅሣሥ ጠዋት በጅማ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ሊጡን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው፣ በላዩ ጋቢ ደርበው፣ ምድጃው አጠገብ፣ እሳቱ ግን በቀጥታ በማይነካው ቦታ ያስቀምጡ። ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ጣት ጠቆም ሲያደርጉበት ጉድጓዱ ወዲያው ካልሞላ ኩፍ ብሏል ማለት ነው።

አራተኛ፦ ኮባውን ያለስልሱ

ሊጡ ኩፍ እስኪል ኮባው ይሰናዳል። በጅማ እንሰት በጓሮው ያለው ሰው ብዙ ነው፤ የሌለው ከጎረቤት ይጠይቃል ወይም ከገበያ ይገዛል። የሙዝ ቅጠልም ይሠራል፤ ስስ ስለሆነ ግን ይቀደዳል፣ ደርቦ ማንጠፍም ይጠይቃል። ኮባውን በእርጥብ ጨርቅ ከላይም ከታችም ይጥረጉ፤ የመካከሉን አጥንት ከጀርባው በኩል በቢላዋ በስሱ ይላጉት እንጂ ቆርጠው አያውጡት፤ ከወጣ ቅጠሉ ለሁለት ይከፈላል። ከዚያም በእሳት ወላፈን ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብለው ያሳልፉት። ደብዛዛ የነበረው አረንጓዴ የእሳቱን መንገድ ተከትሎ ወዝ እየያዘ ሲያብረቀርቅ፣ ስንጥቅጥቅ የሚል ድምፅ ሲሰማና ቅጠሉ እንደ ጨርቅ ሲተጣጠፍ ይታያል። ያን ጊዜ ያነሡት፤ ከዚያ ካለፈ ያርና ይሰባበራል።

አምስተኛ፦ ይጋግሩ

ወፍራም ሰፊ ድስት ውስጥ ኮባውን ከድስቱ ሥር ጀምሮ ከአፉ እስኪተርፍ ድረስ ያንጥፉ። ሊጡን ገልብጠው በእርጥብ እጅ ፊቱን ካስተካከሉ በኋላ አርባ ደቂቃ ያህል ዳግመኛ ኩፍ እንዲል ይተዉት። ድስቱ እስከ ግማሹ ብቻ ቢሞላ ይመረጣል። ከዚያ የተረፈውን ኮባ ወደ ውስጥ አጥፈው ሌላ ኮባ ያልብሱትና ይክደኑት።

በከሰል የሚጋግር ሰው ከሥር መለስተኛ እሳት ያደርጋል፤ በብረት ክዳኑ ላይ ደግሞ ፍም ይደረድራል። የላዩ ፍም ከሥሩ በዛ ቢል ችግር የለውም፤ ድፎን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ የሥሩ እሳት መብዛት ነው። በዚህ መንገድ 2 ኪሎው ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጅበታል። በኤሌክትሪክ ምጣድ ወይም በቡታጋዝ ከሆነ ከላይ እሳት ስለሌለ በዝቅተኛ ሙቀት ሃምሳ ደቂቃ ያህል ካበሰሉት በኋላ በትሪ ላይ ገልብጠው፣ አዲስ ኮባ አንጥፈው ሌላኛውን ፊት ለግማሽ ሰዓት ይጋግሩታል። በበዓል ዋዜማ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል በኤሌክትሪክ የሚጋግርም ቢሆን ከሰል አዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት።

የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ደቂቃዎች እስኪያልፉ ክዳኑን አይክፈቱ። መጀመሪያ የቅጠል፣ ቀጥሎ የኮረሪማ፣ በመጨረሻ የዳቦ ሽታ ይመጣል፤ ሦስተኛው ሲመጣ ንጹሕ ስንደዶ መሐሉ ላይ ይሰኩበት። ስንደዶው ደርቆ ከወጣ፣ የዳቦው ጀርባም በጣት ሲመታ ውስጡ ባዶ የሆነ ነገር ሲመታ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ከሰጠ በስሏል።

ስድስተኛ፦ አብርደው ይቁረሱ

ዳቦውን ከነኮባው በሰፌድ ላይ አውጥተው፣ በጨርቅ ሸፍነው ቢያንስ አንድ ሰዓት ያህል ያብርዱት። ትኩሱን የሚቆርስ ሰው ውስጡን ሊጥ ያደርገዋል። በብዙ ቤት ዳቦው የሚቆረሰው በበዓሉ ዕለት በአባት ወይም በታላቅ ሰው ተባርኮ ስለሆነ፣ እኔ ከመጋገሬ በፊት ከሊጡ ሲሶውን ቀንሼ ለቤቱ ማዕድ በሌላ ትንሽ ድስት እጋግረዋለሁ። ይህኛው ሳይነካ ለበዓሉ ጠዋት ይቆያል፤ ትልቁ ግን በዋዜማው ለምስጋና ይቆረሳል።

ሰባተኛ፦ ያድርሱ

በተቻለ መጠን ራስዎ ይሂዱ እንጂ በልጅ አይላኩ። ልጁ አብሮ ቢሄድ ግን ጥሩ ነው። ሳህኑ ላይ ቁራሽ ኮባ አንጥፈው ዳቦውን ያኑሩበት፤ ከተቻለ ከጌራ ወይም ከሌላ የጅማ ገጠር ከመጣ ማር በትንሽ ዕቃ ይጨምሩበት። ሲያቀብሉም «ለበዓል ነው» ብቻ ብለው አይመለሱ። የመጡበትን ምክንያት በስሙ ይጥሩት፦ «በርበሬዬን ከዝናብ ስላዳንሽልኝ ነው»፣ «ልጄን ስለሚያሻግሩልኝ ነው አባባ» ይበሉ። የመስጊዱ ጥበቃ ይህን ስላቸው ለአፍታ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «ገለቶማ» አሉኝና ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ለልጄ ዱዓ አደረጉላት። የኦሮምኛውን ምስጋና እኔ ልናገር ይገባኝ የነበረ ስለሆነ፣ አሁን ኦሮምኛ ተናጋሪ ወደ ሆነ ቤት ስሄድ አስቀድሜ እኔ «ገለቶማ» እላለሁ።

ጎረቤት ቡና ካፈላ ደግሞ አይቸኩሉ፤ ቢያንስ አቦሉን ጠጥተው ይነሡ። ከዚህ የተነሣ በአንድ ከሰዓት ከአራት ወይም ከአምስት ቤት በላይ ማዳረስ ስለማይቻል፣ የቀሩትን ለበዓሉ ማግስት ማቆየት ይቻላል። ሳህኑንም ለመውሰድ አይጠብቁ። በእኛ ሰፈር ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ በዒድ ሰሞን ሳምቡሳ ተሞልቶ የመጣልኝ ሳህን ካለፈው ገና የቀረው የራሴ ነበር።

ለማግስቱ የቆየውን ዳቦ በተጋገረበት ኮባ ጠቅልለው፣ በላዩ ደረቅ ጨርቅ አልብሰው በመሶብ ውስጥ ያስቀምጡ። በላስቲክ ከታፈነ ላቡ ሻጋታ ያመጣበታል። እስከ ሦስተኛው ቀን ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ በስሱ ተቆርጦ በምጣድ ላይ ሁለቱ ፊቱ ሞቅ ከተደረገ ኮረሪማው እንደገና ይሸታል፣ ለጠዋት ቡናም ይሆናል።