የዓለም አቀፍ ግንኙነት ማስተርስ ለጀመራችሁ፦ አንድ ጉዳይ ያዙና አትልቀቁት

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሲላበስ ሲታደል ሁሉም ይደነግጣል። ሪያሊዝም፣ ሊበራሊዝም፣ ኮንስትራክቲቪዝም፤ ንባቡ ክምር፣ ምሳሌው ሁሉ የሩቅ አገር። እኔ ማታ ማታ ነው የተማርኩት። ቀን ትራንዚት ቢሮ እውላለሁ፣ አመሻሽ ላይ ክፍል እገባለሁ። ስለዚህ የምነግራችሁ ጊዜ የሌለው ሰው ዘዴ ነው።

አንድ ጉዳይ ምረጡና እስክትመረቁ አብራችሁት ኑሩ። በአገሮች መካከል ያለ፣ የተፈረመ ወረቀት ያለው፣ ገና ያላለቀ ጉዳይ ይሁን። የኔ ዓባይ ነበር። "እሱማ ሁሉም የሚጽፈው ነው" የሚላችሁ አይጠፋም። ይበል! ስለ ዓባይ የሚያወራው ብዙ ነው፣ ሰነዱን ያነበበው ግን ጥቂት።

ከሰነዱ ጀምሩ። ደብተር ላይ አራት ዓመት ጻፉ፦ 1902 ምኒልክና እንግሊዝ፣ 1929 እንግሊዝና ግብፅ፣ 1959 ግብፅና ሱዳን፣ 2015 ኢትዮጵያ፣ ግብፅና ሱዳን (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። ከእያንዳንዱ ጎን ማን ፈረመ፣ ማን አልተጠራም፣ ምን ተቆጠረ ብላችሁ ጠይቁ።

የ1959ኙን እንይ። የወንዙ ዓመታዊ ፍሰት 84 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ተብሎ ተያዘ። ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5፣ 10 ደግሞ ለትነት። ደምሩት። ምንም አልተረፈም። እዚህ ድረስ ሁሉም ያውቃል። ወረድ ስትሉ ግን ሌሎች የተፋሰሱ አገሮች ድርሻ ከጠየቁ ሁለቱ አብረው መርምረው አንድ አቋም እንደሚይዙ፣ የሚሰጥ ውሃ ካለም ከሁለቱ እኩል እንደሚቀነስ ይላል። ማለትም ሌሎቹ አልተረሱም። መስጠት አለመስጠቱን የሚወስኑት ግን ሁለቱ ናቸው። ይህን ክፍል ውስጥ ስታነሱ መምህሩ ቀና ይላል።

ስለ ቀን አንድ ነገር ልበል። ደብተራችሁ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ። የሕዳሴ ግድብ መሠረት ድንጋይ የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2 ቀን 2011። ሦስቱ አገሮች ስለ ግድቡ ያደረጉት የመርሆዎች ስምምነት ካርቱም ላይ የተፈረመው መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ በነሱ ማርች 23 ቀን 2015። ካልለያችሁት "በ2007 የተፈረመው" ብላችሁ በእንግሊዝኛ ትጽፉና ስምምነቱ ግድቡን በአራት ዓመት ይቀድመዋል።

ከካርቱሙ ስምምነት አሥረኛውን መርህ በእርሳስ እያሰመራችሁ አንብቡ። አለመግባባት ሲነሳ ሦስቱ በምክክር ወይም በድርድር ይፈቱታል። ካቃታቸው አሸማጋይ መጠየቅ ወይም ለመሪዎቻቸው ማቅረብ ይችላሉ፣ ግን በጋራ። አንዱ እምቢ ካለ በዚህ መንገድ አሸማጋይ የለም። ይህን ይዛችሁ የ2020ውን የዋሽንግተን ድርድርና ጉዳዩ በ2020 እና በ2021 (እ.ኤ.አ.) የጸጥታው ምክር ቤት መድረሱን ስታዩ፣ ማን ለምን በየት በኩል እንደሄደ ይገለጥላችኋል።

ቲዎሪው አሁን ይምጣ። ሪያሊስቱን፣ ማለትም በአገሮች መካከል የሚወስነው ኃይል ነው የሚለውን፣ "በጦር ኃይል የሚበልጠው አገር ግድቡን ለምን አላስቆመም?" ብላችሁ አፋጡት። የሁለት ደረጃ ጨዋታ የሚባለውን ሐሳብ ስታነቡ ደግሞ ከደመወዙ ለግድቡ ቦንድ የገዛውን የመንግሥት ሠራተኛ አስቡት። ተደራዳሪው ከካይሮ ጋር ብቻ ሳይሆን ከሱም ጋር ነው የሚደራደረው። ያኔ ቲዎሪ ሽምደዳ መሆኑ ይቀራል። ሌላውን ንባብ መግቢያውንና መደምደሚያውን እያያችሁ፣ ከጓደኛ ጋር ተከፋፍላችሁ ተወጡት።

የሚከብደው የሌላውን ወገን መጻፍ ነው። የግብፅ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አማካሪ ነኝ ብላችሁ የሁለት ገጽ ማስታወሻ ጻፉ። ፌዝ ሳይሆን ከልብ። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላችሁ፣ ከሞላ ጎደል ውሃችሁ ሁሉ ከአንድ ወንዝ ነው፣ ወንዙም የሚመነጨው ከሌላ አገር። ሚኒስትሩን ምን ትመክሩታላችሁ? ለግብፃዊ ጥብቅና መቆም ደም የሚያፈላው ተማሪ አይቻለሁ፤ ግን ደሙ እየፈላ የጻፈው ነው አሪፍ የሚሆነው። ምክሩ የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይቀመጥ። እኛ ነገር ስንጀምር ከአዳም ነው። ሚኒስትር ግን እስከ ሙሴ እንኳ አይታገስም።

ቴሲስ ሲደርስ ርዕሱን አጥብቡት። "የኢትዮጵያና የግብፅ ግንኙነት" ብሎ ፕሮፖዛል የሚያስገባ ተማሪ አድቫይዘሩን ያደክማል። የ2015ቱ ስምምነት ስለ ግድቡ የሚደረጉት ጥናቶች ከተጀመሩ በኋላ በ15 ወር ውስጥ በግድቡ አሞላልና አሠራር ደንብ ላይ የመስማማቱ ሂደት እንዲያልቅ ይል ነበር። አላለቀም። ለምን? ይቺ ጥያቄ ብቻዋን ቴሲስ ትሆናለች፣ ሰነዶቹም ደብተራችሁ ውስጥ አሉ።