የሚግ ብየዳዬ ቀዳዳ እንዴት ጠፋ

ሁለት ሳምንት ሙሉ በሚግ፣ ማለትም ሽቦ እየመገበ በጋዝ ከለላ በሚበይደው ማሽን፣ የምሠራው ብየዳ እንደ እንጀራ ዓይን ተበሳስቶ ይወጣብኝ ነበር። ላሜራው 3 ሚሊ ሜትር፣ ሽቦው 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። መጀመሪያ ቮልቱን ጠረጠርኩ። ከፍ ዝቅ ባደርገውም ለውጥ የለም። ብየዳውን ከአየር የሚከልለውን ጋዝ ጨመርኩ፤ ጭራሽ ባሰ። ለካ ጋዝ ከልክ ሲያልፍ ይናወጥና አየር ይስባል!

ዋናው ጥፋት የቦታው ነበር። በር አጠገብ ስለምሠራ ነፋሱ ጋዙን ይወስደዋል። ቶርቹንም (በእጅ የሚያዘውን የመበየጃ ጫፍ) ከብረቱ በጣም አርቄ ነበር የምይዘው። ወደ ውስጥ ገባሁ። ጋዙን በደቂቃ ወደ 12 ሊትር መለስኩት። ከቶርቹ ጫፍ የሚወጣውን ሽቦ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ አደረግኩ። ዝገቱን በሞላ ጠረግኩ፤ ኖዝሉ (የጋዙ መውጫ አፍ) ውስጥ የተጋገረውን ፍንጣሪም አራገፍኩ።

አሁን ድምፁ ራሱ ተለውጧል። ሳይቆራረጥ እኩል ይንጣጣል። ትናንት አንዱን ብየዳ በሞላ ቆርጬ ውስጡን አየሁት፤ አንድም ቀዳዳ የለም። በጣም ደስ አለኝ።