ብዕር ይዞ እንጀራ ፍለጋ፦ ጎንደር ላይ በጽሑፍ ለመኖር ሲታሰብ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ፒያሳ ማኪያቶ ይዤ እንደተቀመጥኩ አንድ ልጅ መጣ። በአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተመርቋል፤ በፌስታል የጠቀለለው ወፍራም ደብተር አለው። «ጋሼ፣ ጸሐፊ መሆን እፈልጋለሁ» አለኝ። «ምን ልትጽፍ?» ስለው ግር አለው። «መጽሐፍ ነዋ!» ሌላ የሚጻፍ ነገር ያለ አልመሰለውም።

እኔ በዚህ ከተማ አሥራ ሰባት ዓመት በብዕር ኖሬአለሁ፤ መጽሐፍ ግን አንድም የለኝም። የክስ ማመልከቻ፣ የሬዲዮ ማስታወቂያ፣ የጤና በራሪ ወረቀት፣ የእርዳታ ድርጅት ሪፖርት፣ የዘጋቢ ፊልም ትረካ፣ ቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ሳይቀር ጽፌአለሁ። (የመጨረሻው ገንዘብ አያስገኝም፤ ግን ሰው የሚያውቃችሁ በእሱ ነው።) ለልጁ የነገርኩት እኔና አብረውኝ የጀመሩ ጓደኞቼ የሳትነውን ነው።

ስህተት አንድ፦ «ጸሐፊ» ማለት ልብ ወለድ ደራሲ ብቻ ነው ብሎ መነሣት

ከተማችን ይህን ልትስት አይገባትም ነበር። ፋሲል ግቢ ውስጥ ጸሐፌ ትዕዛዝ የሚባል ሹመት ነበር፤ የአፄ በካፋን ዜና መዋዕል የጻፈው አዛዥ ሲኖዳ የቤተ መንግሥት ሰው ነው። መጻፍ ሥራው ነበር፤ ማደሪያም ቀለብም ያለው ሥራ። በቅርቡ ዘመንም ብናይ ሐዲስ ዓለማየሁ ዲፕሎማት፣ በዓሉ ግርማ የጋዜጣ አዘጋጅ ነበሩ። ልብ ወለዱ ከሥራው ጎን የበቀለ ነው።

እስቲ ከፒያሳ ወደ ታች እየወረዳችሁ ጽሑፍ የሚፈልገውን በር ቁጠሩ። ሆቴሉ ምናሌና የድረ ገጽ ጽሑፍ ይፈልጋል። አስጎብኚው ለእንግዳ የሚሰጠው ወረቀት ይፈልጋል። ሆስፒታሉ ታካሚ የሚያነበው ማስታወሻ፣ ዩኒቨርሲቲውና ቢሮዎቹ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ፣ የእርዳታ ድርጅቱ ፕሮፖዛልና ሪፖርት የሚጽፍ፣ ማተሚያ ቤቱ አራሚ፣ ዩቲዩብ የከፈተው ጎረምሳ ስክሪፕት የሚያዘጋጅ ሰው ይፈልጋል። ትርጉም ደግሞ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹ «ጸሐፊ እንፈልጋለን» ብለው አይለጥፉም፤ የሚጽፍ ሰው እንደጎደላቸውም ላያውቁ ይችላሉ። ስለዚህ መጥቶ የሚጠራችሁ የለም፤ ሄዳችሁ ማሳየት አለባችሁ።

ስህተት ሁለት፦ የአንዱን ቤት ቋንቋ ወደ ሌላው ቤት ይዞ መግባት

ይሄኛው ብዙ ያስከፈለኝ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት።

ዩኒቨርሲቲ እንደጨረስኩ ሥራ ሳጣ፣ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ሥር ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ ሽማግሌ አጠገብ ወንበር አገኘሁ። የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ከገጠር የመጡ እናት ነበሩ። ጎረቤታቸው ወሰን ገፍቶባቸዋል። ነገሩን ሲነግሩኝ አለቀሱ፤ እኔም ልቤ ተነካ። ሦስት ገጽ ጻፍኩላቸው። «የአባቶቼ አጥንት ያረፈበት፣ የልጅነት ላቤ የፈሰሰበት መሬት» እያልኩ፤ ሰማይና ምድሩን ምስክር እየጠራሁ። አነበብኩላቸውና «እሰይ፣ ልጄ!» አሉ፤ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀብለው በዝምታ አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው እንዲህ አሉኝ፤ «ወንድማለም፣ ዳኛው አያለቅስም። ዳኛው ቀን ነው የሚፈልገው። መቼ ገፋ? ስንት ክንድ ገፋ? ማን አየ? ምን ይወሰንልኝ ነው የሚሉት?» በእኔ ሦስት ገጽ ውስጥ የአራቱም ጥያቄ መልስ የለም። እሳቸው ወደ ሴትዮዋ ዞረው «እማማ፣ የመሬት ይዞታ ደብተሩን ቅጂ ይዘዋል?» አሏቸው። ከጉያቸው አወጡት። በግማሽ ገጽ ጻፉት፤ ከላይ የፍርድ ቤቱ ስም፣ ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ ከዚያ ነገሩ በተራ ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ የዳኝነት ጥያቄ፣ ማስረጃና የምስክር ዝርዝር። አንድም ቅጽል የለበትም። የእኔን ሦስት ገጽ አጣጥፈው ኪሴ ከተቱልኝና «ይሄን ለልብ ወለድህ አስቀምጠው» አሉኝ። እስከዛሬ አለኝ።

ሬዲዮ ላይ ስገባ ያንኑ ስህተት በሌላ መልክ ደገምኩት። የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ አዘዘኝ። «በከተማችን እምብርት በሚገኘው ዘመናዊ ሕንፃችን ለክቡራን ደንበኞቻችን ያቀረብናቸውን እጅግ ማራኪና ዘመን ተሻጋሪ አልባሳት...» ብዬ ጀመርኩ። አንባቢዋ ግሱ ጋ ሳትደርስ ትንፋሽ አለቀባት። በእኔ ልክ 30 ሰከንድ ውስጥ ከ50 ቃል በላይ አይገባም፤ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ስለሚያስቀምጥ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ከረዘመ ሰሚው ምን እንደተባለ ሳያውቅ ሌላ ዘፈን ይገባል። አሁን ለጆሮ የምጽፈውን ሁሉ ቤት ውስጥ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ባለቤቴ ወጥ እያማሰለች «ምን አልክ?» ካለችኝ እንደገና እጽፋለሁ።

ጤና ላይም እንዲሁ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ሆኖ የጀመረ በመሆኑ፣ እዚህ ከተማ ለጤና የሚጽፍ ሰው ሥራ አያጣም። ባለሙያው ግን «የግልና የአካባቢ ንጽሕናን በመጠበቅ ተላላፊ በሽታዎችን መከላከል ይቻላል» የሚል ረቂቅ ይሰጣችኋል። ሥራችሁ ይህን «ከሽንት ቤት ሲወጡ፣ ልጅ ካጸዱ በኋላ፣ እንጀራ ከመቁረስዎ በፊት እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ» ወደሚል መመለስ ነው። ሐኪሙ «ቀለለ» ብሎ ሊያኮርፍ ይችላል። ያኩርፍ። ተራ የያዘችዋ እናት ከገባት በቂ ነው።

ስህተት ሦስት፦ ዘመን አቆጣጠርን መዘባረቅ

ጎንደር ላይ ለጎብኚ የሚጻፍ ነገር የሚይዝ ሰው ይህን ከሳተ መሳቂያ ነው። አንዴ በአንድ በራሪ ወረቀት «ጎንደር በ1636 ዓ.ም. ተቆረቆረች» ብዬ ጻፍኩ። 1636 የፈረንጁ ነው፤ በእኛ 1628 ነው። አስጎብኚው እንግዶች ፊት አንብቦት «ይሄ የኛ ልጅ ፋሲልን ስምንት ዓመት አዘገየው» ብሎ ሳቀብኝ።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ ወጥመድ ውስጥ ገባሁ፤ ሁልጊዜ ስምንት መቀነስ። ፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ስምንት ስትቀንሱ 1971 ይመጣል፤ ግን ምዝገባው በጥቅምት ስለነበረ ትክክለኛው 1972 ዓ.ም. ነው። ጥምቀትም እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ሲመዘገብ እኛ ጋ ታኅሣሥ 2012 ነበር፤ 2011 አይደለም። ከመስከረም እስከ ፈረንጅ አዲስ ዓመት ልዩነቱ ሰባት ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት። ወሩን ሳታውቁ ዓመት አትቀይሩ።

ስህተት አራት፦ ፊደሉን ንቆ ማለፍ

ይሄ አጭር ነው። በድሮው ግዕዝ ሶፍትዌር የተየባችሁትን ለደንበኛ በኢሜይል ስትልኩ ሌላው ኮምፒውተር ላይ የማይነበብ ኮተት ሆኖ ይከፈታል። በዩኒኮድ (በየትኛውም ኮምፒውተር በሚነበበው የፊደል ሥርዓት) ጻፉ፤ ጥርጣሬ ካለ ፒዲኤፍ አያይዙ። ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ ጸና ፀን ደግሞ አንዴ በያዛችሁት መንገድ እስከ መጨረሻው ሂዱ። የአርትዖት ሥራ የሚሰጡ ሰዎች መጀመሪያ የሚያዩት ይህንን ነው፤ አንድ ገጽ ላይ «ጽሁፍ»፣ «ጽሑፍ» እና «ፅሁፍ» ካዩ ሌላውን አያነቡም።

ስህተት አምስት፦ በቃል ተስማምቶ ሥራ መጀመር

እኛ ሰው ማፈር እንወዳለን። «ውል እንፈራረም» ማለት ሰውዬውን ሌባ ማለት ይመስለናል። አንድ መሥሪያ ቤት የ40 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም ትረካ በቃል አዘዘኝ። ስድስት ጊዜ አስቀየሩኝ። አንዱ ኃላፊ «ስለ እኔ ጥረት ጨምርበት» ይላል፤ ሌላው «ስለ እሱ ቀንስ» ይላል። በስድስተኛው ላይ ኃላፊው ተዛወረ። አዲሱ «እኔ አላዘዝኩም» አለ። እውነቱን ነው፤ አላዘዘም።

አንድ ገጽ ውል ይበቃል። ስንት ጊዜ አርማለሁ (እኔ ሁለት ጊዜ እላለሁ፤ ሦስተኛው በክፍያ ነው)፣ አጽድቆ የሚፈርመው አንድ ሰው ማን ነው፣ ቀብዱ ስንት ነው፣ ቀሪው መቼ ይከፈላል፣ የማን ስም ይወጣል። በተለይ «አጽድቆ የሚፈርመው አንድ ሰው» የምትለዋን እንዳትረሱ፤ ያስታረቀችኝ ብዛት!

መብቱ የማን እንደሆነም ጻፉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ይህን ሁሉም ጸሐፊ ያወራል። የማይወራው፣ ሥራው በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ከሆነ በውል ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር መብቱ የአሠሪው ወይም ያዘዘው መሆኑ ነው። ጓደኛዬ ለአንድ ባለሀብት የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ጽፎ ሁለተኛ እትም ሲወጣ «ድርሻዬስ?» ብሎ ሄደ። ውሉ ላይ ስለ ሁለተኛ እትም አንዲት ቃል የለም። ሻይ ጠጥቶ ተመለሰ።

ቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥርም አውጡ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቲን ያላቀረበ አቅራቢ ሲከፈለው 30 በመቶ ተቀንሶ እንዲያዝ ደንግጓል። ሕጉ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏልና የዘመኑን ተመን ገቢዎች ጎራ ብሎ መጠየቅ ነው።

ስህተት ስድስት፦ በገጽ መተመን

የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች በገጽ ያስከፍላሉ፤ ልክ ናቸው፤ የሚሸጡት መተየብ ነው። እናንተ ግን ስትተምኑ እነሱን ትከተላላችሁ፤ ደንበኛውም «እዚያ ማዶ ግማሽ ያስከፍላሉ» ይላችኋል። ያ የሽማግሌው ግማሽ ገጽ ከእኔ ሦስት ገጽ ይበልጥ ነበር፤ በገጽ ቢሆን ግን እኔ ስድስት እጥፍ ልቀበል ነው። ዋጋ ስትናገሩ የስንት ቀን ሥራ እንደሆነ፣ ስንት ሰው ማናገር እንዳለባችሁና ስንት ጊዜ አዘዞ ድረስ ባጃጅ እንደምትሳፈሩ ቆጥራችሁ አንድ ድምር ተናገሩ። ከዚያ ዝም በሉ። ዋጋ ተናግሮ ዝም ማለት ከመጻፍ ይከብዳል፤ እኔ አሁንም «ግን እንነጋገራለን» የምትል ታመልጠኛለች።

ስህተት ሰባት፦ የመመረቂያ ጽሑፍ «ማገዝ»

ግንቦትና ሰኔ ሲደርስ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ባለበት ማራኪ ሰፈር ያለ ጸሐፊ ሁሉ ስልኩ ይጮኻል። «ትንሽ ብታስተካክልልኝ» ብሎ የሚደውለው ልጅ ባዶ ወረቀት ነው የያዘው። ገንዘቡ ፈጣን ነው፤ አልዋሽም፣ አንድ ክረምት የቤት ኪራይ ከፍዬበታለሁ። ከዚያ በኋላ ግን አንድ የማከብረው መምህር ለምርምር መጽሔት አራሚ ሲፈልግ ስሜ ተነሥቶ «እሱ እኮ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሸጥ ነው» ተብሎ ቀረ። ቋንቋ ማረም ሥራ ነው፤ አርሙ፣ ተማሪውም መምህሩም እያወቁት። ከዚያ ያለፈው በር የሚዘጋ ገንዘብ ነው።

ስህተት ስምንት፦ ሁሉንም እንቁላል ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ

ከውጭ ሀገር የትርጉም ሥራ ማግኘት ይቻላል፤ ክፍያውም ከከተማው ይሻላል። ነገር ግን በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ በኢንተርኔት ብቻ የሚሠሩ ሁለት ጓደኞቼ ደንበኞቻቸውን «እዘገያለሁ» ብለው እንኳ ማሳወቅ አልቻሉም። አንዱ አውቶቡስ ተሳፍሮ አዲስ አበባ ሄደ፤ ሲደርስ ሥራው ለሌላ ተሰጥቷል። እኔን በዚያ ሰሞን ያኖረኝ የአንድ ማኅበር ሪፖርትና የሠርግ ጥሪ ካርድ ነው። ከሩቅ ደንበኛ ጎን በእግራችሁ የምትደርሱበት ደንበኛ ይኑራችሁ። ከሩቁ ጋር ስትጀምሩ ደግሞ ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚገባላችሁ ከሥራው በፊት ጠይቁ።

ደመወዝ ያለውን ሥራ ቶሎ መልቀቅም አለ። እሱን ለልጁ አልነገርኩትም፤ ገና የሚለቀው ሥራ የለውም።

ይህን ሁሉ ስለፈልፍ ማኪያቶዬ ቀዘቀዘ። ልጁ ደብተሩን ከፌስታሉ አውጥቶ መጨረሻው ገጽ ላይ ጥቂት ነገር ጫር ጫር አደረገ። ምን እንደጻፈ አላየሁም። ከዚያ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ እኒያ ማመልከቻ የሚጽፉት አባት አሁንም አሉ?» አለኝ።

አሉ። ጠዋት ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ጃንጥላቸው ሥር ናቸው፤ አጠገባቸው ያለው ወንበርም ባዶ ነው።