እምቢ ያለው የሳይድካር ብሎን

ክረምቱን ጎንደር አዘዞ ደጅ የከረመው ሳይድካር (ሞተር ሳይክል ጎን የሚታሰረው ጋሪ) ማያያዣ ብሎኑ ዝጎ አልፈታ አለኝ። 17 ቁልፉ ጠርዙን ሊበላው ሲል ተውኩት፤ ብታገለው አናቱ ተቆርጦ ድሪል ፍለጋ ፒያሳ ድረስ መሄዴ ነበር። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ጥርሱን ቆልፎታል። በብረት ብሩሽ ፍቄ፣ ናፍጣ አጠጥቼ አሳደርኩት (ከዚያ በኋላ እሳት ማስጠጋት አይታሰብም)። ጠዋት አናቱን በመዶሻ ቀስ እያልኩ መታ መታ አደረግኩት፤ ከዚያ መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ ቀጥሎ ወደ መፍቻው። ቋ! አለና ቡናማ ዱቄት ረገፈ። ጥርሱን ጠርጌ፣ ግራሶ ቀብቼ መለስኩት። የሳይድካሩ አሉሚኒየም ክፍል ላይ ደግሞ «ስቴንለስ (የማይዝግ ብረት) ብሎን ግጠምበት» ያለኝን ጎረቤቴን አልሰማሁም፤ ሁለቱ ተነካክተው ከረጠቡ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ቀለሙ የተላጠበትን ብረት አንቲራስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ቀባሁት።