የበዓል ሰሞን ኪሮሽ፦ ሥራው ቤቱን እንዳይበላው ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ ዳንቴል የሌለበት ሳሎን ማግኘት ከባድ ነው። የሶፋው መደገፊያ፣ የቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ፣ የሲኒው ረከቦት ሳይቀር ለብሶ እንግዳ ይጠብቃል። በዓል ሲቃረብ አሮጌው ይነሣና አዲስ ይታዘዛል። ያን ጊዜ ቤታቸው ተቀምጠው ንድፍ የሚያወጡና ኪሮሽ ሠርተው የሚሸጡ ሴቶች እንቅልፍ ያጣሉ። ሥራውን ስሠራም ሳስተምርም ደጋግሜ የማየው ነገር አለ፦ ብዙዎቻችን አንድ ዳንቴል በሁለት እጅ ብቻ ያለቀ ይመስለናል። እኛ ኪሮሹን ስንይዝ ሕፃኑን ያቀፈ፣ ወጡን ያማሰለ፣ በር ሲንኳኳ ወጥቶ የከፈተ ሌላ እጅ አለ። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ያንን እጅ ከመርሳት ነው።

አዲስ ንድፍ በበዓል ዋዜማ መጀመር

ንድፍ ማውጣትና የታዘዘውን መሥራት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ንድፍ መፍታትን፣ እንደገና መቁጠርን፣ ለጥቂት ቀን አስቀምጦ በሌላ ዓይን ማየትን ይፈልጋል። ትዕዛዝ ግን የለመደ እጅ እየተጨዋወተም የሚጨርሰው ነው። ሁለቱን በአንድ ሳምንት የምታጋጥም ሴት ንድፉንም ታበላሻለች፣ ትዕዛዙንም ታዘገያለች፤ ብስጭቱ የሚያርፈው ደግሞ ልጆቿ ላይ ነው።

ለገና የሚሠሩ ከሆነ የነቢያት ጾም ጥሩ መለኪያ ይሆንዎታል። ጾሙ ኅዳር 15 ይገባል፤ ገና ብዙውን ጊዜ ታኅሣሥ 29 ይውላል። ጾሙ ሲገባ ንድፉ አልቆ፣ ተሞክሮ፣ ደብተር ላይ ሰፍሮ መገኘት አለበት። ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ የመሥሪያ ብቻ ነው። በጾሙ መካከል የመጣልዎትን አዲስ ሐሳብ አይጣሉት፤ በወረቀት ላይ ንድፉን ሣል አድርገው ለፋሲካ ያቆዩት።

የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ግን በአንድ የቀን መቁጠሪያ ብቻ ሊያቅድ አይችልም። ደንበኞቻችን ሙስሊምም ክርስቲያንም ናቸው፤ በብዙ ቤት እንዲያውም ዘመዱ ራሱ ከሁለቱም ነው። የሂጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ኢድ በየዓመቱ እየቀደመ ይመጣል። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ሲገባ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ጀመረ፤ ኢድ አል ፈጥር በመጋቢት፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ዋለ። እንዲህ ባለ ዓመት የሁለቱ በዓላት ትዕዛዝ ተደራርቦ ይመጣል። ስለዚህ ዓመቱ ሲብት ሁለቱን የቀን መቁጠሪያዎች ጎን ለጎን ዘርግተው ትዕዛዝ የሚዘጉበትን ቀን አስቀድመው ይወስኑ። ቀኑን ለደንበኛ ብቻ ሳይሆን ለቤተሰብም ይንገሩ። ልጅ እናቱ መቼ ነጻ እንደምትሆን ካወቀ መጠበቅ ይችላል፤ የማያልቅ «ቆይ» ግን ያስከፋዋል።

ናሙና ሳይሠሩ ቃል መግባት

ይህ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብዬ ላብራራው። ደንበኛ መጥታ «ለጠረጴዛዬ ስንት ይፈጅብኛል?» ስትል ብዙዎች በግምት ይመልሳሉ። ከዚያ ክሩ ያንሳል፣ ቀኑ ይገፋል፣ ሌሊቱ ይበላል።

መፍትሔው አሥር በአሥር ሳንቲ ሜትር የሆነ ናሙና ነው። በሚሠሩበት ክርና በሚሠሩበት ኪሮሽ ይሥሩት፤ ስንት ደቂቃ እንደወሰደ ይመዝግቡ፤ ይጠቡትና ደርቆ ሲያልቅ ይለኩት፤ በትንሽ የማዕድ ቤት ሚዛንም ይመዝኑት። የጥጥ ክር ሲታጠብ ሊሰበሰብ ይችላል፤ ያልታጠበ ናሙና ስለዚህ ያታልላል። እንበል ናሙናው 8 ግራም ክር በላ፣ 35 ደቂቃም ወሰደ። የታዘዘው ጨርቅ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 120 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 48 ናሙና ያህል ማለት ነው። ክሩ 384 ግራም፣ ሰዓቱ 28 ይሆናል። ጠርዙ፣ ማጠቡ፣ መወጠሩ ገና አልተቆጠረም። በቀን ሁለት ሰዓት የምታገኝ የልጆች እናት ይህን በአንድ ሳምንት አደርሳለሁ ብትል ቀሪውን ሰዓት ከእንቅልፏና ከቤተሰቧ ላይ እየወሰደች ነው። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ሲያዩት እምቢ ማለትም ይቀላል፤ ደንበኛዋም ቢያሳዩዋት ትረዳለች።

ክብ ሥራ የሚነድፉ ደግሞ የጭማሪውን ሕግ ይያዙ። ዓይን የምንለው በኪሮሹ የምትሠራዋን እያንዳንዷን ቀለበት ነው። ክሩ ኪሮሹ ላይ ሳይጠመጠም በሚሠራው አጭር ዓይን በየዙሩ 6፣ አንድ ጊዜ ተጠምጥሞ በሚሠራው ረጅም ዓይን በየዙሩ 12 ሲጨመር ክቡ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀመጣል። ካነሰ እንደ ሳህን ይጎደጉዳል፣ ከበዛ ጠርዙ ይጨማደዳል። የእጅ ጥብቀት ስለሚለያይ አንዳንዱ ትንሽ ማስተካከል ይኖርበታል፤ ግን ስምንተኛው ዙር ላይ መጉደጉድ የጀመረ ሥራ በማጠብ ይስተካከላል ብሎ መቀጠል የትም አያደርስም። እዚያው ፈትቶ ማረም ነው።

ክሩን በየጊዜው ጥቂት ጥቂት መግዛት

በክሩ ወረቀት ላይ ከቀለሙ ቁጥር ሌላ የተነከረበት ዙር ቁጥር አለ። ሁለት ክሮች ስማቸውም ቀለማቸውም አንድ ሆኖ ዙሩ ከተለያየ፣ ሱቅ ውስጥ ያልታየው ልዩነት ሳሎን ውስጥ መስኮት አጠገብ ይታያል። ለአንድ ሥራ የሚበቃውን በአንድ ጊዜ ይግዙ፤ አንድ ትርፍም ይጨምሩ። ለዚህም ነው ቀብድ የሚያስፈልገው።

በይሉኝታ ዋጋ መቁረጥ

ቀብድን ካነሣን ይሉኝታን ማለፍ አይቻልም። የአክስት ጓደኛ ትመጣለች፤ ጉልበቷን ይዛ ትቀመጣለች፤ «የኔ ልጅ፣ ለኔም ዋጋ ልትነግሪኝ ነው?» ትላለች። ከዚህ በኋላ ሠሪዋ የክሩን ብቻ ተቀብላ የሁለት ሳምንት ምሽት በነጻ ትሰጣለች። ምሽቱ ግን የእርሷ ብቻ አይደለም። ባሏ ልጆቹን አስተኝቷል፣ እህቷ ሊጥ አቡክታለች። የራስን ጉልበት ለወደዱት ሰው መስጠት ደግነት ነው፤ የቤተሰብን ጉልበት ሳይጠይቁ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። በአክብሮት የሚባል መልስ አለ፦ «እማማ፣ ለእርስዎ የክሩንና ግማሽ ጉልበቱን ነው የማስበው፤ ግማሹ የእኔ ስጦታ ነው፣ ይመርቁኝ።» ሴትየዋም ስጦታው ምን ያህል እንደሆነ ታውቃለች፤ ምርቃቱም ከልብ ይሆናል። ለስንት ዘመድ እንዲህ እንደሚያደርጉ ግን በዓመቱ መጀመሪያ ከቤተሰብ ጋር ይወስኑ።

ቡና ላይ የቆጠራ ሥራ ይዞ መቀመጥ

ኪሮሽ ይዞ ቡና መጠጣት የእናቶቻችን ልማድ ነው፤ አልነቅፈውም። ስህተቱ የትኛውን ሥራ ይዞ መቀመጥ እንደሚገባ አለመለየት ነው። እጅ የለመደው ቀጥ ያለ ጠርዝ ለቡና ይስማማል። አበባው የሚወጣበት፣ ዓይን በዓይን የሚቆጠርበት ሥራ ግን አይስማማም። ጎረቤት የልጇን ሕመም ስታወራ ሠሪዋ ከንፈሯ ውስጥ «አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት» ትላለች፤ ጎረቤቷም ጨዋታውን አሳጥራ ሲኒዋን ታስቀምጣለች። ወሎ ላይ ቡና ያለ ምርቃት አይነሣም። አቦል ላይ እጅዎ ይሥራ፣ ቶና ላይም ይሥራ፤ በረካው ደርሶ ምርቃቱ ሲጀመር ግን ኪሮሹ መሶቡ አጠገብ ይቀመጥ፤ እጅዎም ለአሜን ይዘርጋ።

ስለ ሌሊት ሥራም አንድ ነገር ልጨምር፤ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ክር ለቀን ብርሃን ይተዉት። መብራት ሲጠፋ በሻማ ጥቁር ዓይን መፈለግ ዓይንንም ሥራንም ይጎዳል።

ልጆችን ከክሩ ማባረር

ልጅ ክር ይወዳል፤ ማባረሩ ደግሞ ከማስተማሩ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። አምስትና ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ክር ማጠንጠን ይችላል። ስምንት ዓመት ያለፈው ሰንሰለት ይሠራል፤ ያ ሰንሰለት የበዓል ካርድ ማንጠልጠያ ወይም የስጦታ ማሰሪያ ይሆናል፤ ሥራውም የእርሱ ስለሆነ ይኮራበታል። ለሕፃናት አሻንጉሊት የሚሠሩ ከሆነ ግን ዓይኑን በክር ይስፉት እንጂ ቁልፍ አይትከሉበት፤ ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ነቅሎ ሊውጠው ይችላል።

ምስጋናን ሁሉ በዳንቴል መክፈል

እዚህ ላይ ብዙ ደግ ሰው ይሳሳታል። በዓሉ ሲመጣ «ያገዙኝን ሁሉ ላመሰግን» ብላ ለአማቷ፣ ለጎረቤቷ፣ ለልጇ አስተማሪ፣ ለክር ሻጩ ሚስት ሁሉ አንድ አንድ ስጦታ ትጀምራለች። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ስጦታዎቹን የምትሠራበትን ሰዓት የምትሸፍንላት ያችው ልታመሰግናት የፈለገቻት አማቷ ናት። ልጅ ስትጠብቅልሽ የከረመች ሴት ምስጋናዋን እንደገና ልጅ በመጠበቅ ከፈለችው ማለት ነው።

እጅ ያበደረን በእጅ መመለስ ይሻላል። ሁለት ወር ማዕድ ቤቱን የያዘችልዎትን እህት በዓሉ ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ከማዕድ ቤት ነጻ ያውጧት፤ ገበያውንም ወጡንም እርስዎ ይያዙት። ባለቤትዎ ልጆቹን ያስተኛ ከነበረ ያንን ሰዓት መልሰው ይስጡት። ቤት ውስጥ በደመወዝ የምትሠራ ልጅ ክር ስታጠነጥን፣ የተሠራውን ስታጥብ ከሰነበተች ደግሞ ያ ከተቀጠረችበት ሥራ ውጭ ነው፤ ምስጋናዋ በብር ይሁን፤ ከበዓሉ በፊትም እጇ ላይ ይግባ፤ እርሷም ለቤተሰቧ የምትልከው አለ።

በሰው ፊት ማመስገንም አይቅር። ደንበኛ ሥራውን ስትረከብ አድንቃ «እጅሽ ይባረክ» ስትል፣ አሜን ብለው «ልጄን የያዘችልኝ እርሷ ናት» ብለው እህትዎን ያሳዩ። ንድፉን ከአንዲት እናት አሮጌ ዳንቴል ላይ ቆጥረው ካወጡትም እንዲሁ፤ ከማን ቤት እንዳገኙት ይናገሩ፤ ከመሸጥዎም በፊት ያስፈቅዷት። የእነዚህ እናቶች ንድፍ ብዙው የትም አልተጻፈም፤ ስማቸው ካልተነሣ ሥራቸው የእኛ ተብሎ ይቀራል።

መታጠቢያና ማድረቂያ ጊዜ አለመተው

የተጨረሰ ዳንቴል ገና አላለቀም። ታጥቦ፣ ስታርች ነክቶት፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ በስፒል ተወጥሮ መድረቅ አለበት። በታኅሣሥ የደሴ ፀሐይ በአንድ ቀን ያደርቀዋል። ለእንቁጣጣሽ ግን ሥራው ነሐሴ ላይ ነው፤ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ በሚውልበት ወቅት ወፍራም ሥራ ሁለትና ሦስት ቀን እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ ሽታም ያመጣል። ከደሴ ዝቅ ብላ የምትሞቀው ኮምቦልቻ ቶሎ ታደርቃለች፤ እዚያ ዘመድ ያላት ሠሪ ማድረቁን ወደዚያ ብትወስደው ብልህነት ነው። አክሪሊክ ክር ላይ የጋለ ካውያ አያሳርፉ፤ ይልሰልስና ቅርጹ አይመለስም።

የዋዜማውን ቀን ለሥራ ማስቀመጥ

በዋዜማው ዶሮ ይገነጠላል፣ ሽንኩርት ይከተፋል፣ በርበሬ ይነካል። በዚያ እጅ ነጭ ክር መያዝ ማለት ሥራውን ማቆሸሽ ነው፤ የሽንኩርቱ ሽታም ክሩ ውስጥ ይቀራል። የመጨረሻው ርክክብ ከበዓሉ ሦስት ቀን አስቀድሞ ይለቅ። ደሴ ሆነው ለኮምቦልቻ ደንበኛ የሚልኩ ከሆነ የበለጠ ያስቀድሙ፤ በበዓል ሰሞን መናኸሪያው ይጨናነቃል፣ የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድም በጥድፊያ የሚወረድ አይደለም። ቀሪዎቹን ክሮችና ኪሮሾች በከረጢት አድርገው ከዓይን ያርቁ። ሳሎን ጥግ ላይ ተጀምሮ የቀረ ሥራ ካለ እንግዳ ፊት ተቀምጠውም ሐሳብዎ እዚያው ነው።

ከገና እስከ ጥምቀት ትዕዛዝ መቀበል

ከታኅሣሥ 29 እስከ ጥር 11 ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ የመጠያየቂያም ወቅት ነው። በእነዚህ ቀናት የሚሠራው ደብተሩ ይሁን፤ የትኛው ንድፍ ስንት ግራም እንደበላ፣ ስንት ሰዓት እንደወሰደ፣ ማን ምን እንዳገዘና ምን እንዳልተመለሰለት። «ለጥምቀት አድርሺልኝ» የምትል ደንበኛ መምጣቷ አይቀርም። ቡና ያጠጧት፤ ቀብዷን ተቀብለው ስሟን በፋሲካው ገጽ ላይ ይጻፉ።