የኮንዶሚኒየም ግቢን ሰፈር ለማድረግ ስንሞክር የምንሠራቸው ስህተቶች

ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ ተወልዶ ያደገ ሰው ዕጣ ወጥቶለት ጀሞ፣ የካ አባዶ ወይም ኮዬ ፈጬ ሲገባ፣ መጀመሪያ የሚቸግረው የራሱን ቤት መለየት ነው። ብሎኮቹ መንታ ናቸው። ደረጃው ያው፣ በረንዳው ያው። እንግዳ ሲመጣም "የብሎክ ቁጥሩን አንብብና ግባ" ከማለት ሌላ የሚባል የለም። ብዙ ነዋሪዎች ይህን ለመለወጥ ኮሚቴ ያቋቁማሉ፣ ገንዘብ ያዋጣሉ። በጣም ደስ የሚል ነገር ነው። ድካሙ ከንቱ እንዳይቀር ግን እነዚህን ስህተቶች ብትጠነቀቁ መልካም ነው።

ስምን በስብሰባ ማውጣት

"ሰላም" ወይም "ብርሃን" ተብሎ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል፣ ታፔላ ይተከላል። የታክሲ ረዳት ግን አይጠራውም። አዲስ አበባ ውስጥ ሥር የሰደዱት ስሞች እኮ ሰው በየቀኑ ከሚያየው ነገር የወጡ ናቸው። ቄራ የመጣው ከከብት ማረጃው ነው። ጎተራ ስሙን ያገኘው ከእህል ማከማቻው ነው። ካዛንቺስ እንኳ በጣሊያን ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረ ድርጅት ስም የመጣ ነው። ድርጅቱን የሚያስታውስ የለም፣ ስሙ ግን ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ኖረ። ስለዚህ ትንሽ ታገሡ። ልጆችና ጉልት የሚቸረችሩት ሴቶች ቦታውን ምን ብለው እንደሚጠሩት አዳምጡ። "ቧንቧው ጋ" ካሉ ታፔላው ላይ የሚጻፈው እሱ ነው።

የድሮውን ነገር ጠራርጎ ማንሳት

ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ጣሊያኖች ናቸው የሠሩት። ፋሺስቶች ሮም ላይ ሥልጣን ከያዙበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ እየጨመሩ ነበር የገነቡት። ነጻነት ሲመለስ አልፈረሰም። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት፣ በቃ። ዛሬ ያንን ደረጃ ያየ ሰው ታሪኩን ሳይጠይቅ አያልፍም። ቢፈርስ ኖሮ ባዶ ሜዳ ነበር የሚሆነው።

እናንተ ግቢ አንበሳ የለ ይሆናል። ግን ብሎኮቹ ከመሠራታቸው በፊት እዚያ እርሻ ነበረ፣ ሰውም ይኖርበት ነበር። አንድ አሮጌ ግራር ወይም የድንጋይ ካብ ተርፎ ከሆነ ኮብልስቶን ለማንጠፍ ብላችሁ አታስነሡት። በአካባቢው የቀሩ አባወራዎች ካሉ ጅረቱንና ጉብታውን ምን ብለው ይጠሩ እንደነበር ጠይቁና መዝግቡ። ይህ ለእነሱም ክብር ነው።

የጋራ ሕንፃውን ማከራየት

እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። የጋራ ሕንፃው የተሠራው በግ ለማረድ፣ እንጀራ ለመጋገር፣ ድግስ ለመደገስ ነበር። ብዙ ቦታ ግን ለመጋዘን ወይም ለሱቅ ተከራይቷል። ኪራዩ ለጥበቃ ደመወዝ እንደሚረዳ ይገባኛል። ቢሆንም ቅርጫ የሚካፈሉበት፣ ለቀስተኛ የሚቀመጡበት ቦታ ያጡ ጎረቤታሞች ደረጃ ላይ አንገት ነቅንቀው ከመተላለፍ አያልፉም። ቢያንስ አንዱን ክፍል ለእድሩ አስቀሩ።

ደመራውን በየዓመቱ ቦታ ማዛወር

አንድ ዓመት በሩ ጋ፣ በሚቀጥለው ፓርኪንጉ ላይ እየተባለ ይዞራል። ይልቅ መኪና የማይቆምበት፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦ የራቀ አንድ ቦታ ምረጡና መስከረም 16 ማታ ሁልጊዜ እዚያው ይለኮስ። ልጆቹ ችቦ ይዘው የዞሩበት መሬት በኋላ መቼም አይጠፋባቸውም። ውጭ አገር የሚኖሩትም ስልክ ሲደውሉ የሚጠይቁት ስለዚያ ቦታ ነው።

ጥላን መርሳት

ዘንባባና "ሳሩን አትርገጡ" የሚል ጽሑፍ ግቢ አያሞቁም። ዋንዛ ትከሉ። ሲያድግ ሰፊ ጥላ አለው፣ ክረምቱ ሲወጣም ነጭ አበባ ይለብሳል። ከፍሳሽ መስመር ብቻ አርቁት። አግዳሚ ወንበሩንም ከማሠራታችሁ በፊት ከሰዓት በኋላ ጥላው የት እንደሚያርፍ እዩ። ሴቶች ቡና ይዘው የሚወጡበት ጥግ ካለ ደግሞ እዚያው ይሁን።