የዳታቤዝ ማስተዳደሪያ ስትመርጡ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

አጠገቤ የሚቀመጥ ጀማሪ ፕሮግራመር ሰሞኑን፣ «ጋሼ፣ ከዲቢቨርና ከዳታግሪፕ የቱ ይሻላል?» አለኝ። ሁለቱም ዳታቤዝ ከፍተን የምናይባቸውና የምናስተዳድርባቸው መሣሪያዎች ናቸው። «የምትሠራበት ዳታቤዝ ምንድን ነው?» ብዬ መልሼ ጠየቅኩት። «እሱ ገና አልተወሰነም» አለኝ። ብዙ ሰው ሲሳሳት ያየሁት እዚሁ ጋ ስለሆነ ከዚሁ ልጀምር።

ዳታቤዙን ሳያውቁ መሣሪያውን መምረጥ

ፒጂአድሚን የተሠራው ፖስትግሬስ ለሚባለው ዳታቤዝ ነው። ማይኤስኪውኤል ወርክቤንች ስሙ እንደሚለው ለማይኤስኪውኤል ነው። የኤስኪውኤል ሰርቨር ማኔጅመንት ስቱዲዮ ደግሞ የሚጫነው ዊንዶውስ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ማክ ወይም ሊኑክስ የሚጠቀም ባልደረባችሁን ያስቀራል። ዲቢቨርና ዳታግሪፕ ብዙ ዓይነት ዳታቤዝ ይከፍታሉ። ሁለት ሦስት ዓይነት ለሚያስተዳድር ቢሮ እነሱ ይመቻሉ። ያላችሁ ፖስትግሬስ ብቻ ከሆነ ግን ፒጂአድሚን ነጻ ነው፣ ዳታቤዙንም አብጠርጥሮ ያውቀዋል።

በአማርኛ ሳይሞክሩ መወሰን

ይሄ እኛን በቀጥታ የሚነካ ነው። ማሳያ ቪዲዮዎቹ ሁሉ በእንግሊዝኛ ስም የተሞሉ ናቸው፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር ያምራል። እናንተ ግን መጀመሪያ «ወለተኪሮስ» ብላችሁ አስገቡና መልሳችሁ አውጡት።

ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ኮለሙ በተለመደው መንገድ ቫርቻር በሚባለው የጽሑፍ ዓይነት ከተሠራ፣ ተመልሶ የሚመጣው የጥያቄ ምልክት ድርድር ነው። ኮለሙን ዩኒኮድ የሚይዘው ኤንቫርቻር ብታደርጉትም፣ በእጃችሁ በምትጽፉት ትዕዛዝ ከጥቅሱ ፊት ኤን የምትለዋን ፊደል ከረሳችሁ ውጤቱ ያው ነው። ይሄ የፎንት ችግር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም። ዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጠው ራሱ የጥያቄ ምልክቱ ነው፤ ፎንት ብትቀይሩ ስሙ አይመለስም።

ማይኤስኪውኤል ላይ ደግሞ ዩቲኤፍ8 የሚባለው የድሮው የፊደል አቀማመጥ አማራጭ ለአንድ ፊደል እስከ 3 ባይት ብቻ ይይዛል። የምንጽፋቸው የአማርኛ ፊደሎች እያንዳንዳቸው 3 ባይት ስለሆኑ ይገባሉ። ደንበኛው አስተያየቱ ላይ አንዲት ኢሞጂ ሲጨምር ግን 4 ባይት ይሆንና ነገሩ ይበላሻል። አዲስ ቴብል ስትፈጥሩ መሣሪያው የሚያቀርብላችሁ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 መሆኑን አይታችሁ እለፉ።

አንድ ሙከራ ልጨምር። ዳታውን በሲኤስቪ አውጡና በኤክሴል ክፈቱት። ሒሳብ ክፍል የሚያየው ያንን ነው። አማርኛው ትርጉም የሌለው ምልክት ከሆነ፣ መሣሪያው ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ቦም የሚባለውን የዩኒኮድ ምልክት የሚጨምር አማራጭ እንዳለው ፈልጉ። ዲቢቨር አለው።

የሥራውና የመሞከሪያው ሰርቨር አንድ ሲመስል ዝም ማለት

ከዓመታት በፊት አመሻሽ ላይ ሁለት መስኮት ከፍቼ እሠራ ነበር። ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቴብል። መሞከሪያው ላይ ያለሁ መስሎኝ አንድ አፕዴት አስኬድኩ፤ የትኛው ሮው እንደሚቀየር የሚወስነውን ዌር የሚለውን መስመር ሳልመርጥ። ሥራ ላይ ባለው ዳታቤዝ የደንበኛው ሁሉ ስልክ ቁጥር አንድ ዓይነት ሆነ። መሣሪያው ግን በአረንጓዴ «ተሳክቷል» አለኝ። ባክአፑን መልሰን ሥራው እስኪስተካከል ነጋ።

ከዚያ ወዲህ አዲስ መሣሪያ ስሞክር መጀመሪያ የማየው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሰርቨሮቹን በቀለም መለየት ይችላል ወይ? ዲቢቨር ላይ ግንኙነቱን «ፕሮዳክሽን» ብላችሁ ስትመድቡት ቀይ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ለውጡን ወዲያው ያጸድቃል ወይስ ኮሚት እስክትሉ ይጠብቃል? ማይኤስኪውኤል ወርክቤንች ደግሞ ዌሩ ላይ ቁልፍ ኮለም (ለምሳሌ አይዲ) ሳይኖር የመጣ አፕዴትና ዲሊት አልቀበልም ብሎ ስህተት 1175ን ያወጣል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ይህን እንዴት እንደሚያጠፋው ነው። እባካችሁ አታጥፉት።

ባክአፕ የሚል ቁልፍ ስላየን ብቻ መተማመን

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የፕሮግራመሮችን ኮድ በሚያስቀምጠው በጊትላብ ላይ የደረሰውን አስቡት። አንድ መሐንዲስ ተጠባባቂው ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት የዋናውን ዳታ ሰረዘ። 300 ጊጋባይት ገደማ ነበር፤ ሲያስቆመው የቀረው 4.5 ጊጋባይት ብቻ ነው። ወደ ባክአፑ ሲሄዱ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ 9.6 ሲሆን፣ ባክአፕ የሚወስደው ፒጂ ዳምፕ የሚባለው ፕሮግራም የ9.2 ነበር። ስለማይጣጣሙ ፕሮግራሙ በየጊዜው ሥራውን ያቋርጥ ነበር። ማስጠንቀቂያ ኢሜይሉም ወደ ሰዎቹ አልደረሰም። የተረፉት ከ6 ሰዓት በፊት በእጅ በተወሰደ ቅጂ ነው፤ የዚያ የ6 ሰዓት ሥራ ግን ጠፋ።

ፒጂአድሚንም ባክአፕ የሚወስደው በዚሁ በፒጂ ዳምፕ ነው። ሰርቨራችሁን ስታሳድጉ እሱንም አሳድጉ። ከዚያ ባክአፑን ባዶ ዳታቤዝ ላይ መልሱትና ሮው ቁጠሩ። ተመልሶ ያልታየ ባክአፕ ባክአፕ አይባልም።

ክራክ መጫን

ከኢትዮጵያ ሆኖ በዶላር ካርድ መክፈል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ክራክ የተደረገ መሣሪያ ላይ የዳታቤዛችሁን ፓስወርድ ስትጽፉ፣ ለማታውቁት ሰው እየሰጣችሁት ሊሆን ይችላል። የዲቢቨር ኮሚኒቲ እትም ነጻ ነው። ሃይዲኤስኪውኤልም ነጻ ነው፤ ቀላል ስለሆነ አቅም የሌለው ላፕቶፕ ላይ ሳይቀር ይሮጣል። ዳታግሪፕም ከ2025 ጀምሮ ለንግድ ላልሆነ ሥራ በነጻ ተፈቅዷል፤ ለመማር ከሆነ እሱን ውሰዱ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ያለውን አለማየት

አዙር ዳታ ስቱዲዮን ብዙ ቡድን ወዶት ነበር። ማይክሮሶፍት በ2025 መጀመሪያ መሣሪያው እንደሚቋረጥ አስታወቀ፤ የድጋፉ ማብቂያም ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2026 ሆነ። ስለዚህ ከመጫናችሁ በፊት የመጨረሻው ስሪት መቼ እንደወጣ እዩ። ለዳታቤዙ የምትጽፏቸውን ጥያቄዎችም (ኩዌሪዎች) መሣሪያው ውስጥ ብቻ አታስቀምጡ፤ በተራ የኤስኪውኤል ፋይል አስቀምጧቸው። መሣሪያው ቢቀየር እነሱን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።